የእንፋሎት ጋሻ ዕድሜ



የዛሬው ንግግሬ ሁላችሁም በየቤታችሁ ስላያችሁት ነገር ነው። ቡና ለመቁላት ብረት ምጣድ ተጥዷል እንበል። ምጣዱ ገና ለብ ሲል ውሃ ጠብ ብታደርጉበት ጠብታዋ ትዘረጋለች፤ ቀስ እያለችም ትደርቃለች። ሞቅ ሲል «ችስስ» ብላ በቅጽበት ትጠፋለች። ተረስቶ እጅግ ሲግል ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጠብታዋ አትጮኽም፤ አትጠፋምም። ተድቦልቡላ እንደ ዶቃ እያብረቀረቀች ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ስትንሸራተት ትቆያለች። ልጅ ሳለሁ እናቴ ቡና ስትቆላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ይህን ስመለከት አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር፦ እሳቱ ሲበረታ ውሃው ቶሎ ማለቅ ሲገባው ዕድሜው እንዴት ይረዝማል?

መልሱ ያለው ከጠብታዋ ሥር ነው። ጠብታዋ በጣም በጋለው ብረት ላይ ስታርፍ የታችኛው ገጿ ወዲያው ይተናል። እንፋሎቱ መውጫ እየፈለገ በጠብታዋና በብረቱ መካከል ይነጠፍና ጠብታዋን ይሸከማታል። ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ አንድ ወረቀት ያህል ማለት ነው። ጠብታዋ እንግዲህ ብረቱን አልነካችም፤ ተንሳፍፋለች። የምትንሸራተተውም ስለዚህ ነው፤ የሚይዛት ነገር የለም።

ያችን የምታህል ስስ ንጣፍ እንዴት ያን ሁሉ ግለት ትመክታለች? እንፋሎት ሙቀትን በማሳለፍ ረገድ ከውሃ ከ20 እጥፍ በላይ ደካማ ነው። ጠብታዋ ብረቱን ነክታ ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ እንደ ጎርፍ ይገባባት ነበር፤ አሁን ግን በጠባብ ቀዳዳ እንደሚንቆረቆር ውሃ ነው የሚደርሳት። በዚህ ላይ ውሃን ወደ እንፋሎት መለወጥ ራሱ ብዙ ሙቀት ይበላል። አንድ ግራም ውሃ ከቧንቧ ቀድታችሁ እስኪፈላ ለማሞቅ 300 ጁል ገደማ ይበቃል። የፈላውን ያንኑ አንድ ግራም ሙሉ በሙሉ ለማትነን ግን ከ2,200 ጁል በላይ ያስፈልጋል፤ ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እጅ ስለሚያቃጥለው እንፋሎት ስናወራ እመለስበታለሁ።

ከዚህ በፊት ግን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ይህ ጋሻ ከውጭ የመጣ አይደለም። ጠብታዋ ከገዛ አካሏ እየቆረሰች ነው የምትሠራው። እንፋሎቱ በጎን በኩል ያለማቋረጥ ሾልኮ ይወጣል፤ እርሷም ያለማቋረጥ ከራሷ ትተካዋለች። ስለዚህ ጋሻው የሚቆመው ከሥር በቂ ግለት፣ ከላይ ደግሞ የሚተን ውሃ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ይፈርሳል። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ይህ ክስተት በሳይንስ የሚጠራው በአንድ ጀርመናዊ ሐኪም ስም ነው። ዮሐን ጎትሎብ ላይደንፍሮስት በዱይስቡርግ ከተማ የሕክምና መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1756 ስለ ውሃ ጠባያት በላቲን ባሳተመው ድርሳን ሙከራውን ገልጾታል። መሣሪያው የብረት ማንኪያ ነበር፤ ፍም ላይ አግሎ አንዲት የውሃ ጠብታ ጣለበት። በፔንዱለም እየቆጠረ ሲመለከታት ከ30 ሴኮንድ በላይ ቆየች። ማንኪያው በረድ ሲል የጣላት ቀጣይዋ ጠብታ ግን በጥቂት ሴኮንዶች አለቀች። ከጠብታዋ ጀርባ ሻማ አብርቶ ሲያይም በጠብታዋና በብረቱ መካከል ብርሃን አለፈለት። ይህ ሁሌም ያስደንቀኛል። ላቦራቶሪ አላስፈለገውም፤ ማንኪያ፣ ፍም፣ ሻማና ትዕግሥት ነበረው። ያንን ሁሉ ከእናንተ መካከል የሌለው ሰው የለም።

ውሃ በለስላሳ ብረት ላይ እንዲህ መንሳፈፍ የሚጀምረው ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነው፤ እንደ ገጹ ልስላሴና ንጽሕና ከፍ ዝቅ ይላል። የሸክላ ምጣድ ላይ እንደ ብረቱ በቀላሉ የማይታየው በዚህ የተነሣ ነው። ሸክላ በዓይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት፤ እንፋሎቱ በነዚያ ሾልኮ ሲያመልጥ ንጣፉ ይሳሳል። በተጨማሪም ሸክላ ሙቀትን ከውስጡ ቶሎ አያቀብልም፤ ጠብታዋ ያረፈችበት ቦታ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከብረት ይልቅ እጅግ የጋለ መሆን ይኖርበታል። በጎመን ዘር የተሟሸ ምጣድና ያልተሟሸ ምጣድ ላይ ጠብታው የሚያሳየው ጠባይ ለምን እንደሚለያይ የምታውቁ እናቶች በራሳችሁ መንገድ ይህንን ፊዚክስ ስታጠኑ ኖራችኋል።

እንጀራ ጋገራ ላይ ግን እንፋሎት ሌላ ሥራ አለው። አክንባሎው ሲገጠም የታፈነው እንፋሎት የእንጀራውን የላይኛ ገጽ ያበስለዋል። እሳት ያልነካው ገጽ የሚበስለው በእንፋሎት ነው። ያው ጋሻ ያልነው ነገር እዚህ ጋ ሙቀት ተሸካሚ ሆነ። እንዴት?

ያን ቁጥር አስታውሱ። ውሃ ሲተን የበላውን ከ2,200 ጁል በላይ ሙቀት አልጣለውም፤ ይዞት ነው የሚዞረው። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የያዘውን ሙቀት በሙሉ እዚያው ያራግፋል። ያ ቀዝቃዛ ነገር ሊጥ ሲሆን እንጀራ ይበስላል። ያ ቀዝቃዛ ነገር የሰው እጅ ሲሆን እጅ ይበስላል። እኛ ያለንበት ገላን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ ግራም የፈላ ውሃ ቆዳችሁ ላይ ቢፈስ ወደ ሰውነታችሁ ሙቀት እስኪወርድ 235 ጁል ያህል ይለቅቃል። በዚያው ሙቀት ላይ ያለ አንድ ግራም እንፋሎት ግን ቆዳ ላይ ውሃ ሲሆን ከዚያ ከ10 እጥፍ በላይ ይለቅቃል። አክንባሎ ስትከፍቱ መጀመሪያ ከእናንተ በተቃራኒ ያለውን ጎን ከፍ አድርጉ፤ ፊታችሁንም አርቁ። ልጅ ታቅፋችሁ አትክፈቱ።

እዚህ ላይ በብዙ ቤት ያለ አንድ ስሕተት ላንሣ። የጋለ ድስት ጆሮ ለመያዝ ጨርቅን ውሃ ነክሮ መያዝ ይሻላል የሚል ግምት አለ። ደረቅ ጨርቅ ውስጥ ያለው አየር ነው እጅን የሚጠብቀው። ጨርቁ ሲርስ የአየሩን ቦታ ውሃ ይወስደዋል፤ ሙቀቱም ቶሎ ያልፋል፤ ውሃው ሲተን ደግሞ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ በጨርቁና በመዳፋችሁ መካከል ይታፈናል። በምጣዱ ላይ ጠብታዋን ያዳናት እንፋሎት በጎን በኩል ነፃ መውጫ ነበረው። እዚህ የለውም። ደረቅ ጨርቅ ያዙ።

አሁን ከማዕድ ቤት ወጥተን ወደ ቀጥቃጩ እንሂድ። በአማራ ገጠርም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ የሚሠራ ባለ እጅ ወናፉን እየነፋ ብረቱን ፍም እስኪመስል ያግለዋል፤ ቅርጹን ካስያዘው በኋላ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። አስተውላችሁ ከሆነ ሲነክረው ዝም ብሎ አይጥለውም። ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሰዋል። ለምን?

የቀላው ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን በእንፋሎት ይሸፈናል። እስከ 800 ዲግሪና ከዚያም በላይ የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሆኖ ለጥቂት ሴኮንድ ውሃ አይነካውም! በዚያች ጊዜ የሚቀዘቅዘው በዝግታ ነው። ግለቱ ሲወርድ ጋሻው ይፈርሳል፤ ውሃው ብረቱን ሲያገኘው ኃይለኛ ፍላት ይነሣል፤ የምንሰማው ጩኸትም ያን ጊዜ ይበረታል፤ ቅዝቃዜውም በድንገት ይፈጥናል። ብረትን የሚያጠነክረው ይህ ፍጥነት ነው። ችግሩ ጋሻው በሁሉም ቦታ እኩል አለመፍረሱ ነው። ከስለቱ በኩል ቀድሞ ፈርሶ ከወገቡ ላይ ቢቆይ አንዱ ክፍል ጠንካራ ሌላው ለስላሳ ይሆናል፤ ሲብስም ብረቱ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ቀጥቃጩ ብረቱን ውሃ ውስጥ የሚያማታው የእንፋሎቱን ካባ ለመግፈፍ ነው። ውሃው ላይ ጨው መጨመርም ይህንኑ ይረዳል፤ ብረቱ ላይ የሚረጉ የጨው ቅንጣቶች ንጣፉን ይበጣጥሱታል።

ይህን ዕውቀት የያዙ ሰዎች በአገራችን ለብዙ ዘመን ምን ሲባሉ እንደኖሩ ታውቃላችሁ። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ስድቡ ሥር ስለሰደደ ነበር። ብረት ሲነከር ከድምፁ ብቻ ጋሻው መቼ እንደፈረሰ የሚያውቅ ሰው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በመሣሪያ የሚለካውን በጆሮው ይለካል። ሊከበርበት ሲገባ የተናቀበት ሙያ ነው፤ ይህንን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

በዘመናዊ ፋብሪካም ሕጉ ያው ነው። ለፎቅ ቤት የሚሆን ፌሮ በብዙ ዘመናዊ ፋብሪካዎች ከመዳመጫው ሲወጣ በከፍተኛ ግፊት በሚረጭ ውሃ ይመታል። ግፊቱ የሚያስፈልገው የእንፋሎቱን ንጣፍ በስቶ ብረቱን ለማግኘት ነው። የፌሮው ውጫዊ ክፍል ይጠነክራል፤ በውስጡ የቀረው ግለት ደግሞ ወደ ውጭ ተመልሶ መሰባበርን ይቀንስለታል። እኛ የምንኖርበት ቤት ምሰሶ ውስጥ ያለ ብረት በእንዲህ ያለ ትግል አልፎ የመጣ ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል ጋሻው እንዳይፈርስ የሚጥሩም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በሳዑዲ ዓረቢያ በንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር የብረት ኳሶችን ውሃን በሚገፋ ሻካራ ሽፋን ለብጠው አግለው ውሃ ውስጥ ከተቷቸው። የእንፋሎቱ ካባ እስከ መጨረሻው ሳይፈርስ፣ ያ ጩኸትና ፍላት ሳይነሣ፣ ኳሶቹ በጸጥታ ቀዘቀዙ።

አሁን ወደምፈራው ጉዳይ ልግባ። በአካባቢያችን ብረት የሚያቀልጡ ብዙ ናቸው። አቃቂ ላይ መሠረታዊ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪ አለ፤ ከቁርጥራጭ አሉሚኒየም ድስት የሚያፈስሱ አነስተኛ ቤቶችም በየሠፈሩ አሉ። በቀለጠ ብረት ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ብትወድቅ እንደ ምጣዱ ላይ ትንሸራተትና ታልቃለች። ይህንን ያየ ወጣት ሠራተኛ «ውሃ ምንም አያደርግም» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ያው ጠብታ ከቀለጠው ብረት በታች ብትገኝስ? እርጥብ ቁርጥራጭ፣ ዝናብ የመታው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ውሃ የቀረ ቧንቧ፣ በደንብ ያልደረቀ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ያለች ጠብታ? ውሃ በእኛ ከፍታ ላይ እንፋሎት ሲሆን ይዘቱ ከ2,000 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ከላይ ያለችው ጠብታ እንፋሎቷን ወደ አየር ትለቅቃለች። ከሥር ያለችው ግን መውጫዋ በራሱ በቀለጠው ብረት ውስጥ ነው፤ አፈንድታው ትወጣለች። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ነው፤ ብረት የሚቀልጠው በ1,500 ዲግሪ ገደማ ነው። ያ ፊት ላይ ሲረጭ የሚያደርገውን መግለጽ አያስፈልገኝም።

ይህ ሕግ ለአባቶቻችንም አልቀረላቸውም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያፈሰሱ ሰዎች የቅርጽ ማውጫው ውስጥ የሚቀርን እርጥበት መፍራት ነበረባቸው። 7 ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባል መድፍ የሚሆን የቀለጠ ነሐስ በእርጥብ ጉድጓድ ውስጥ አይፈስስም። እባካችሁ፣ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ቁርጥራጩን ሳታደርቁና ሳታሞቁ ወደ ማቅለጫው አትጨምሩ። ክረምት ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተመልከቱ።

በየቤታችን ያለው የዚሁ ወንድም የዘይት እሳት ነው። ዘይት ከውሃ ይቀልላል፤ ስለዚህ በሚነድ ዘይት ላይ የተደፋ ውሃ ወደ ሥር ይሰምጥና እዚያ ይተናል፤ የሚነደውን ዘይትም እስከ ጣራ ያነሣዋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማዕድ ቤቱ ጠባብ፣ ጎረቤቱም በግድግዳ ማዶ ነው። ዘይት ከተቀጣጠለ ምድጃውን አጥፉና ድስቱን በክዳን ግጠሙ። ውሃ አታምጡ።

እንፋሎት ጋሻነቱ ራሱ ጥፋት የሚሆንበት ቦታም አለ። ጃፓናዊው ሺሮ ኑኪያማ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው ጥናት በኤሌክትሪክ የሚግል ቀጭን ሽቦ ውሃ ውስጥ አድርጎ የፍላትን ጠባይ ለካ። ኃይሉን ሲጨምር ሽቦው ውሃውን እያፈላ ይቀዘቅዛል፤ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ግን የእንፋሎት ካባ ሽቦውን ይሸፍነዋል። ውሃው ስለማይነካው ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ የሽቦው ግለት በአንድ ጊዜ ይተኮሳል፤ ሊቀልጥም ይችላል። በየፋብሪካው ያሉ ቦይለሮችና በሌላው ዓለም ያሉ የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች የሚሠሩት ከዚህ ወሰን በታች ነው። ቦይለር ላይ የምትሠሩ የውሃውን መጠን መስተዋት ተመልከቱ ስትባሉ ምክንያቱ ተመሳሳይ ነው፤ ውሃ ያጣ ብረት ጠባቂ የለውም።

እስካሁን ስለ ሙቀት ተናገርኩ። ይኸው ጋሻ በብርድም ይሠራል። በቃሊቲ ለረጅም ዘመን የተሰበሰበ የኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ እየተጠበቀ ላሞችን ለማዳቀል ወደ ገጠር ሲላክ ኖሯል። ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚፈላው ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ነው። ለእርሱ የዚህ አዳራሽ ወለል የጋለ ምጣድ ነው። ወለሉ ላይ ጠብ ሲል ልክ እንደዚያች ጠብታ ተድቦልቡሎ ይሮጣል። እጅ ላይ ጠብ ብሎ ቢንሸራተትም በራሱ ተን ላይ ተንሳፍፎ ሊያልፍ ይችላል። ልብስ ውስጥ ወይም ጓንት ውስጥ ከገባ ግን ቆሞ ይቀራል፤ ሥጋን ያቀዘቅዝና ይጎዳል። አንድ ሊትሩ ከ700 ሊትር በላይ ጋዝ ስለሚሆን በተዘጋ ክፍልም ሆነ በተዘጋ መኪና ውስጥ የምንተነፍሰውን አየር ይገፋል።

አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር ጀርል ዎከር ለተማሪዎቹ ጣቱን ውሃ ነክሮ በቀለጠ እርሳስ ውስጥ አስገብቶ ያወጣ ነበር። ጣቱ ላይ ያለው ውሃ ተንኖ ለቅጽበት ይጠብቀዋል። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ነው፤ የሚገርመው ግን እርሳሱ ገና እንደቀለጠ ያለ ከሆነ አደጋው መጨመሩ ነው፤ ጣት ሲነካው ወዲያው ረግቶ ይጣበቃልና። ፈሳሽ ናይትሮጅንም አፉ ውስጥ ይዞ ተን ይተነፍስ ነበር። አንድ ቀን ግን የፊት ጥርሶቹ ሽፋን እንደ ካርታ መስመር ተሰነጣጠቀበት፤ ከዚያ በኋላ ተወው። ይህንን ያጠና ሰው እንኳ ጋሻው መቼ እንደሚፈርስበት አላወቀም። በስልካችሁ ላይ ጣቱን ወይም እጁን በቀለጠ ብረት ውስጥ ሲያሳልፍ የሚታይ ሰው ቪዲዮ የምታዩ ወጣቶች፣ የምታዩት ከጋሻው ዕድሜ ውስጥ ተቆርጣ የወጣች አንዲት ሴኮንድ ናት። ላብ ያነሰ ዕለት፣ እጅ የዘገየ ዕለት፣ ብረቱ በረድ ያለ ዕለት የሆነውን ማንም አይቀርጸውም።

ይልቅ እንደ ላይደንፍሮስት አድርጉ። ነገ ቡና ከመቆላቱ በፊት ብረት ምጣዱን ቅባት ሳይነካው አግሉት፤ ልጆቻችሁን አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ አስቀምጡ፤ በሻይ ማንኪያ አንዲት ጠብታ ጣሉና ሴኮንዱን እነርሱ በስልክ ይቁጠሩ። ምጣዱ በረድ ሲል ደግሞ ሌላ ጠብታ ጣሉ፤ የሁለቱን ቁጥር ደብተር ላይ ይጻፉ። ልዩነቱ ለምን እንደመጣ ከእናንተ በፊት እነርሱ እንዲናገሩ ጠይቋቸው። ጣት ግን ማንም አይክተት።